«ቆዳ ሁኑ» የሚለው አዋጅ፦ የእንቁራሪት ሽል አንጎልና ዐይን እንዴት ያወጣል?

ጤና ይስጥልኝ፣ ውድ ተመልካቾች። ዛሬ የምንመለከተው ከጤፍ ቅንጣት እምብዛም የማይበልጥ አንድ ኳስ ነው። ላይኛው ግማሹ ጥቁር ቡናማ፣ ታችኛው ግማሹ ደግሞ እንደ ቅቤ ነጣ ያለ ነው። ይህ ኳስ ዜኖፐስ ሌቪስ የተባለችው የደቡብ አፍሪካ ባለጥፍር እንቁራሪት እንቁላል ነው። ዘመዷ ዜኖፐስ ክሊቪ በእኛው አገር ውኃዎች ውስጥ ስለምትኖር፣ ጉዳዩን የሩቅ አገር ወሬ አድርጋችሁ አትመልከቱት።

እንቁላሉ ከተዳቀለ አንድ ቀን ሳይሞላው በጀርባው ላይ ጠፍጣፋ ሰሌዳ ይታያል፤ ጠርዞቹ ከግራና ከቀኝ ይነሡና ተገናኝተው ቱቦ ይሠራሉ። ያ ቱቦ አንጎልና ሕብለ ሰረሰር ይሆናል። ከጥቂት ሰዓታት በፊት ግን የላይኛው ሽፋን ሕዋሳት ሁሉ እኩያሞች ነበሩ። ታዲያ አንዱን ቆዳ፣ ሌላውን አንጎል ሁን ያለው ማን ነው?

በ1924 (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ሃንስ ሽፔማንና ሂልደ ማንጎልድ በጀርመን ያሳተሙት ጥናት ፍንጩን ሰጠ። ሳላማንደር ከተባለ፣ እንሽላሊት ከሚመስል የእንቁራሪት ዘመድ ሽል ጀርባ ትንሽ ቁራሽ ወስደው በሌላው ሽል የሆድ ወገን ተከሉት፤ በተተከለበትም ቦታ የራሱ ሕብለ ሰረሰር ያለው ሁለተኛ ሽል በቀለ። ቁራሹን «አደራጅ» አሉት። ሽፔማን በ1935 የኖቤል ሽልማት ተቀበለ፤ ማንጎልድ ግን ጥናቱ በታተመበት ዓመት በእሳት አደጋ ሞታ ስለነበር ይህን አላየችም። ስሟን በየቪዲዮው የማነሣውም ለዚህ ነው።

ከዚያ በኋላ ለአሥርት ዓመታት ሁሉም የፈለገው አደራጁ የሚያስተላልፈውን «ነርቭ ሁኑ» የሚል ትእዛዝ ነበር። ትእዛዙ ግን እንደታሰበው አልነበረም።

የድሮውን ነጋሪት አስቡልኝ። በገበያ ቀን ነጋሪት ይጎሰማል፤ ሕዝቡ ሥራውን ትቶ ይሰበሰባል፤ አዋጅ ነጋሪውም «ስማ! ስማ! የሰማህ ላልሰማ አሰማ!» ብሎ ቃሉን ያወጣል። የሰማው ነጋዴ ለገበሬው፣ ገበሬው ለጎረቤቱ እያለ አዋጁ አገሩን ያዳርሳል። በሽሉ ሽፋን ላይም እንዲሁ ነጋሪት ይጎሰማል፤ አዋጁም «ቆዳ ሁኑ» የሚል ነው። አዋጅ ነጋሪው ቢኤምፒ 4 የተባለ ፕሮቲን ሲሆን፣ ሕዋሳቱ ራሳቸው አምርተው ለጎረቤታቸው ስለሚልኩት ሰሚውም አሰሚውም እነርሱው ናቸው።

አደራጁ ሌላ ነጋሪት ይጎስማል ብላችሁ ከጠበቃችሁ ተሳስታችኋል፤ ሊቃውንቱም ተሳስተው ነበር። አደራጁ ኖጊንና ኮርዲን የተባሉ ፕሮቲኖችን ያሰማራል። እነርሱም የሰሚውን ጆሮ አይደፍኑም፤ አዋጅ ነጋሪውን መንገድ ላይ ጠብቀው እጁን ይይዙታል። አዋጁ ያልደረሰው መንደር ታዲያ ማንም ሳያዘው ነርቭ ይሆናል። የሽፋኑን ሕዋሳት አንድ በአንድ ነጣጥለን በሳሕን ውስጥ ብንበትናቸውም፣ የሰማው ላልሰማው የሚያሰማበት መንገድ ስለሚቋረጥ፣ ብዙዎቹ ወደ ነርቭነት ያዘነብላሉ። እኔ በበኩሌ በሽል ጥናት ውስጥ ከዚህ የሚያምር ግኝት አላውቅም።

ደወሏን መጫን አትርሱ፤ ይህ ቻናል የሚጎስመው ነጋሪት እርሷ ብቻ ናት፤ እርሷንም ኖጊን እንዳይዝብን።

የቀረውን በፍጥነት ልለፈው። ኖጊን በ1992፣ ኮርዲን በ1994 በዚህችው እንቁራሪት ተገኙ፤ ኤፍጂኤፍ የተባሉ ምልክቶችም ሕዋሳቱን ነርቭ በማድረጉ ሥራ ውስጥ እጃቸው አለበት። ወደ ዐይን ስንመጣ፣ በሰሌዳው የፊት ጫፍ ኦቲኤክስ 2 የተባለ ጂን መደቡን ያዘጋጃል፤ ከዚያም አርኤክስ፣ ፓክስ 6፣ ሲክስ 3 የተባሉ ጂኖችና ጓደኞቻቸው በአንድነት ይነቃሉ። የሚነቁበት ቦታ «የዐይን መስክ» የሚባል ሲሆን፣ መስኩ በመጀመሪያ ሁለት ሳይሆን አንድ ነው። ሶኒክ ሄጅሆግ የተባለ ምልክት ከሥር መጥቶ መካከሉን ሲያጠፋው መስኩ ለግራና ለቀኝ ይከፈላል። ምልክቱ ሲታገድ አንድ ዐይን ብቻ በግንባሩ መካከል ይቀራል፤ በአሜሪካ በአይዳሆ አንድ የዱር ተክል የበሉ እርጉዝ በጎች ባለ አንድ ዐይን ግልገሎች የወለዱት በዚህ ምክንያት ነበር።

አሁን ባለፈው ቪዲዮ ሥር ብዙዎቻችሁ ወደ ጻፋችሁት ልመለስ። «ፓክስ 6 የዐይን ጂን ከሆነ፣ የአይጥ ፓክስ 6 ለሌላ እንስሳ ቢሰጥ የአይጥ ዐይን ያወጣል ማለት ነው» ብላችኋል። አያወጣም። በ1995 የቫልተር ጌሪንግ ቡድን በስዊዘርላንድ የአይጡን ጂን በፍራፍሬ ዝንብ እግርና ክንፍ ላይ ሲያነቃ የበቀለው የዝንብ ዐይን ነበር። ጂኑ የዐይን ሥዕል አይደለምና። ፓክስ 6 ሌሎች ጂኖችን የሚቀሰቅስ ፕሮቲን ያስገኛል፤ የሚቀሰቀሱት ግን የባለቤቱ የራሱ ጂኖች ናቸው። «የዐይን ጂን» የሚለውንም ስም አልወደውም፤ ይኸው ፓክስ 6 በአንጎልና በቆሽት አሠራር ውስጥም ይሠራል። ከሁለቱ ቅጂዎቹ አንዱ የተበላሸበት ሰው የዐይኑ ባለቀለም ክፍል ጎዶሎ ሆኖ ወይም ጭራሽ ሳይኖረው ይወለዳል።

በእንቁራሪቷ ላይ ሙከራው የሚካሄደው እንዲህ ነው። እንቁላሉ ለሁለት ሕዋስ በተከፈለ ጊዜ፣ ከጸጉር በቀጠነ የመስታወት መርፌ የጂኑን መልእክት የያዘ አርኤንኤ ወደ አንደኛው ሕዋስ ብቻ ይገባል። የመጀመሪያው ክፍፍል አብዛኛውን ጊዜ ግራንና ቀኝን ስለሚለይ፣ አንዱ ጎን ፈተናው፣ ሌላው ጎን ማነጻጸሪያው ይሆናል። በዚህ መንገድ በ1999 በፓክስ 6 ብቻ ሬቲናና ሌንስ ያላቸው ትርፍ ዐይኖች በቀሉ፤ በ2003 ደግሞ የዐይን መስኩ ጂኖች ከኦቲኤክስ 2 ጋር በአንድነት ሲሰጡ ከነርቭ ሥርዓቱ ውጭ ሳይቀር ዐይን ወጣ።

«ያለቦታው ያለ ዐይን ያያል ወይ?» ላላችሁት ደግሞ አንዱ መልስ በ2013 በአሜሪካ በተፍትስ ዩኒቨርሲቲ የተሠራው ነው። የራሳቸው ዐይን የተነሣላቸው የእንቁራሪት እጮች ጭራቸው ላይ ዐይን ተተከለላቸው፤ ቀይ ብርሃን ባለበት ወገን ሲዋኙም ቀላል የኤሌክትሪክ ንዝረት ይነካቸው ነበር። አብዛኞቹ ምንም አልተማሩም። ከቀይ ብርሃን መሸሽን የተማሩት፣ ከጭራው ዐይን የወጣው ነርቭ እስከ ሕብለ ሰረሰራቸው ከደረሰላቸው መካከል ጥቂቶቹ ናቸው።