ጁስ ያለው ሰውዬ

ሰላም ሰላም፣ እንዴት ሰነበታችሁ። ባህር ዳር ነኝ፣ ቤቴ ነኝ፣ መስኮቱን ከፍቼዋለሁ ምክንያቱም ሙቀቱ አይቻልም፣ ስለዚ ባጃጅ ከሰማችሁ ባጃጅ ነው፣ ውሻ ከሰማችሁ የጎረቤት ውሻ ነው፣ ቆርጬ አላወጣውም። መብራቱም ገና አሁን ነው የመጣው፣ ሳይሄድብኝ ቶሎ ቶሎ ላውራችሁ።

ዛሬ ማወራችሁ ስለ አንድ ጩኸት ነው። አንድ ቃል ናት። አንድ ሰውዬ ኮንሰርት መሃል የጮኻት፣ እኔ ደሞ ለስንት ዓመት ተሳስቼ የሰማኋት።

2003 ዓ.ም ነው፣ አስራ አንደኛ ክፍል ነኝ። ያኔ አዲስ ሙዚቃ ማግኘት ማለት በቃ ሄዶ ሚሞሪ ማስጫን ነው። ገበያ አካባቢ አንድ ልጅ ነበረ፣ ሱቁ በር ነው ሚያክለው፣ ኮምፒውተሩ ላይ ሁሉንም በፎልደር በፎልደር አድርጎ ይዟል፣ ጥላሁን፣ አስቴር፣ ቴዲ፣ የጎጃም ባህላዊ፣ መዝሙር ለብቻው፣ ከዛ ከታች «እንግሊዝኛ» ሚባል አንድ ፎልደር። ሴሊን ዲዮንም እዛ ናት ቱፓክም እዛው ነው። «ምን ልጫንልህ» ይልሃል፣ «ያለውን ሁሉ» ትለዋለህ፣ ሁለት ጊጋዋ እስክትሞላ ይጭናል፣ ቦታ ሲያልቅ የመጨረሻው ዘፈን ግማሹ ላይ ቀጥ። እስካሁን መጨረሻቸውን ማላውቃቸው ዘፈኖች አሉ እኮ።

ከዛ ውስጥ «ትራክ 08» ሚል ፋይል ነበረ። ስም የለው፣ ዘፋኝ የለው። ስትከፍተው ዘፈን አይመጣም፣ መጀመሪያ ሰው ነው ሚንጫጫው። ጊታር ይቃኛሉ፣ ቱንግ ቱንግ ምናምን፣ አዳራሹ ይጉረመረማል፣ ከዛ አንድ ሰውዬ ከሩቅ፣ ጥርት ባለ ድምፅ፣ «ጁስ!»

ጁስ። እኔ እንደዛ ነው የሰማሁት። አትፍረዱብኝ፣ ባህር ዳር ነው ያደግኩት፣ ጁስ ቤት ቁጭ ብለህ አስተናጋጁ ወደ ውስጥ «አንድ ስፕሪስ! ሁለት አቮካዶ!» ብሎ ሲጮህ የሰማ ጆሮ ሌላ ምን ይሰማል? ሰውዬው ከጮኸ በኋላ ሰዉ ያጨበጭባል፣ ይስቃል፣ ከዛ ዘፋኙ በተሰላቸ ድምፅ አንድ ሁለት ነገር ይላል፣ ከበሮዋ አንዴ ጧ ትላለች፣ ከዛ በቃ ጎርፍ ነው። እንደዛ አይነት ነገር ሰምቼ አላውቅም ነበር። ከሰፈር ጓደኛዬ ጋር ከጊዮርጊስ በታች ወደ ጣና ወርደን አንድ ኢርፎን ለሁለት ተካፍለን፣ እሱ ቀኙን እኔ ግራውን፣ ታንኳ የሚቀዝፉትን እያየን አስር ጊዜ እንሰማዋለን፣ እና ሁሌ ያቺ ቦታ ላይ ስንደርስ ሁለታችንም አብረን «ጁስ!» እንላለን። መግባቢያችን ሆነች። አስተማሪ ትምህርት ሲያስረዝም «ጁስ!»፣ ታክሲ ሲሞላ «ጁስ!»።

እውነቱን ያወቅኩት ፖሊ ገብቼ ዋይፋይ ያገኘሁ ጊዜ ነው። ሌሊት ነው፣ ዋይፋዩ ሌሊት ነበር ሚፈጥነው፣ ግጥሙን የሰማሁትን ያህል በተሰባበረ እንግሊዝኛ ጻፍኩና ፈለግኩት። ቦብ ዲላን ሚባለው አሜሪካዊ ዘፋኝ ነው ለካ። ማንችስተር፣ ፍሪ ትሬድ ሆል ሚባል አዳራሽ፣ እንደ ፈረንጅ ሜይ 17፣ 1966፣ በኛ ግንቦት 9፣ 1958 ማለት ነው። ሰውዬው ደሞ ያለው ጁስ አይደለም። «ጁዳስ» ነው ያለው። ይሁዳ።

እንዴ! አልጋዬ ላይ ተነስቼ ቁጭ አልኩ። ምክንያቱም ጁስ ሌላ ይሁዳ ሌላ። እኛ ሃገር እኮ ሰሙነ ሕማማት ሲገባ ሰው መሳሳም ያቆማል፣ ይሁዳ ጌታን በመሳም ነው አሳልፎ የሰጠው ተብሎ፣ እናቴ ያን ሳምንት ጉንጬን ሳትነካ ነው ምታሳልፈው። እና አንድ ሰው ትኬት ከፍሎ ገብቶ፣ ከዛ ሁሉ ሰው ፊት፣ ሚወደውን ዘፋኝ ይሁዳ አለው። ከፍቅር ካልሆነ እንደዛ አይባልም፣ ማታውቀውን ሰው ይሁዳ አትለውም።

ምን አድርጎ ነው? ኤሌክትሪክ ጊታር ይዞ ነው። በቃ ይሄው ነው። ዲላን በፊት በአኮስቲክ ጊታር፣ ኤሌክትሪክ ማይሰካበት ማለት ነው፣ በሱና በሃርሞኒካ ብቻውን ነበር ሚዘፍነው፣ የድሮ የሃገር ዘፈን፣ እነሱ ፎክ ሚሉት፣ ወዳጆች ደሞ የኛ ነው ብለው ይዘውታል። ከዛ 1965 ጁላይ 25 አሜሪካ ውስጥ ኒውፖርት ፎክ ፌስቲቫል ላይ ባንድ ይዞ ኤሌክትሪክ ሰክቶ ወጣ፣ ልምምድ ያደረጉት ከዛ በፊት ባለው ማታ ነው፣ ሦስት ዘፈን ተጫውተው ወረዱ፣ ሰዉ ግማሹ ጮኸበት ግማሹ አጨበጨበ። በኋላ አኮስቲክ ጊታር ይዞ ብቻውን ተመልሶ ሁለት ዘፈን ዘፈነላቸው። ለምን እንደጮኹ እስካሁን ይከራከራሉ፣ አንዱ በኤሌክትሪኩ ተናደው ነው ይላል፣ አንዱ ሳውንዱ ተበላሽቶ ነው ይላል፣ አንዱ ሦስት ዘፈን አንሷቸው ነው ይላል።

እኔ እዚ ጋ ሁሌ ሚያስቀኝ ነገር አለ። እነሱ ኤሌክትሪክ መጣ ብለው ነው የጮኹት። እኛ ሄደ ብለን ነው ምንጮኸው።

ግን ፒት ሲገር ሚባል ትልቅ ዘፋኝ ነበረ፣ በእድሜም በልምድም የነሱ አባት በሉት፣ ያን ቀን መጥረቢያ ቢኖረኝ ገመዱን እቆርጠው ነበር ብሏል ይባላል፣ ለረጅም ጊዜ ሰዎች ኤሌክትሪክ ጠልቶ ነው እያሉ ሲያሙት ኖሩ። እሱ በኋላ ያስረዳው ግን ግጥሙ አልሰማ ብሎኝ ነው ብሎ ነው፣ ድምፁ ተቀላቅሎ ቃሉ ጠፋ። እና እኔ ፒት ሲገርን እንደ አማርኛ ሰሚ ነው ሚገባኝ። እኛ ጋ ዜማው ምንም ቢያምር ግጥሙ ካልተሰማ «ምን አለ? ምን አለ?» እያለ ጎኑ ያለውን ሰው ሚነካካ ሽማግሌ አይጠፋም። ወርቁን ሊያወጣ እኮ መጀመሪያ ሰሙን መስማት አለበት።

ወደ ማንችስተር ልመልሳችሁ። ከኒውፖርት አስር ወር በኋላ ነው። ኮንሰርቱ ሁለት ክፍል ነበረው፣ መጀመሪያ ብቻውን አኮስቲክ፣ ሰዉ ጸጥ ብሎ ይሰማል፣ ከዛ እረፍት፣ ከዛ ከባንዱ ጋር። ሰዉ ሁለተኛው ክፍል ላይ እያጉረመረመ፣ ሆን ብሎ ያለ ቦታው በዝግታ እያጨበጨበ ቆይቶ፣ የመጨረሻው ዘፈን ሊጀመር ሲል ነው ያ ሰውዬ የጮኸው። ዲላን «አላምንህም» ይለዋል፣ ትንሽ ቆይቶ «ውሸታም ነህ» ይለዋል፣ ከዛ ወደ ባንዱ ዞሮ ጮክ አድርጋችሁ ተጫወቱ ይላል፣ መሃል ላይ አንዲት ስድብ አለች እናቴ ስለምትሰማኝ አልላትም። ከበሮዋ ጧ።

አሁን በጣም ደስ ሚለኝን ልንገራችሁ። ይሄ ቅጂ በድብቅ ተባዝቶ ለዓመታት ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር፣ ላዩ ላይ የተጻፈው ለንደን፣ ሮያል አልበርት ሆል ተብሎ ነው። ስህተት ነው። ማንችስተር ነበር። 1998 ላይ፣ ከ32 ዓመት በኋላ፣ የዲላን ሙዚቃ አሳታሚ ኩባንያ ራሱ በይፋ ሲያወጣውም ያንኑ የተሳሳተ ስም በትእምርተ ጥቅስ ውስጥ አድርጎ ተወው፣ ሰዉ በዛ ስም ስለለመደው። እና የገበያው ልጅ ስሙን አጥፍቶ ትራክ 08 ብሎ ሸጠልኝ ብዬ ማማው ነገር የለኝም፣ ፈረንጆቹም ያው ናቸው። ሙዚቃው ግን አንዴም መንገድ አልሳተም፣ ማንችስተር ተነስቶ ጣና ዳር ደርሷል።

እሺ፣ አሁን ከዚ ጋር ምን አገናኘው እንዳትሉኝ፣ ባለፈው ጥር፣ የጥምቀት ሰሞን፣ ከዛው ጓደኛዬ ጋር አዝማሪ ቤት ገባን። አዝማሪው ማሲንቆዋ ላይ ማይክ ነገር ለጥፎባት ከሚክሰር ጋር አገናኝቷታል፣ ስፒከሩ የሰው ቁመት ነው፣ ጆሮ አይተርፍም። ጥግ ላይ ጋቢ የለበሱ አንድ ጋሼ ጠላ ይዘው ቁጭ ብለዋል፣ ፊታቸው እንደተኮሳተረ ነው። በመጨረሻ እጃቸውን አነሱና «ተቀበል!» አሉ። አዝማሪው «እሺ ጌታዬ» አለና ጎንበስ አለ። ጋሼ፦

የጣና ዳር ዓሣ ይሸሻል በጩኸት፣
ቀንስልኝ ጌታው ማሲንቆህን ልስማት።

ቤቱ ተነሳ! አዝማሪው ደሞ ምን ምርጫ አለው፣ ተቀበል ከተባለ መቀበል ነው፣ የራሱን ስድብ በራሱ አፍ፣ በራሱ ማሲንቆ፣ አሳምሮ ዘፈነው። ሁለቴ። ከዛ ግን እየተሽከረከረ ጋሼ ፊት ደረሰና፦

ዓሣው ምን አወቀ ከውሃ ውስጥ ሆኖ፣
አጫውተኝ ይላል ሰው ኪሱን አፍኖ።

በቃ ማን ይቻለን፣ ጓደኛዬ ጠላው በአፍንጫው ወጣ። ጋሼ ራሳቸው እየሳቁ ተነሱና መቶ ብር ግንባሩ ላይ ለጠፉለት። ድምፁን ግን አልቀነሰም ልጁ። ጭራሽ ጨመረው።

እና እዛ ቁጭ ብዬ ማንችስተርን ነው ያሰብኩት። ያው ነገር ነው እኮ፣ ያው ክስ ነው፣ «ኤሌክትሪክ ሰክተህ የኛን ነገር አበላሸህብን»፣ መልሱም ያው ነው። ልዩነቱ ምን መሰላችሁ፣ የኛ ተሳዳቢ ቦታ አለው። ጩኸቱ ቤት መትቶ ይመጣል፣ ተሰዳቢው ይዘፍነዋል፣ ይመልሳል፣ ብር ይለጠፋል፣ ይታረቃሉ። ማንችስተር ያ ሰውዬ ተቀበል ሚለው ሰው አጣ፣ አንድ ቃል ወርውሮ ቁጭ አለ፣ በኋላ እንደውም ከአንድ በላይ ሰው «የጮህኩት እኔ ነኝ» ብሎ ወጥቷል። ዲላንም ሌላ መንገድ ስላልነበረው ድምፅ ጨመረ። እኔ በሁለቱም አልፈርድም፣ ያ ጩኸት ባይኖር ያ ዘፈን እንደዛ ተናዶ አይጀምርም ነበር፣ ለኔ ሰውዬው ከባንዱ አንዱ ነው።

በነገራችን ላይ ይሄን መንገድ ወደ ኋላም ሄጄበታለሁ። በዲላን ገብቼ ሮክ ሮክ ስል ወደ ፓንክ ደረስኩ፣ ፈጣንና ጩኸታም ሮክ በሉት፣ ፓንክ ውስጥ ዘ ኤክስ ሚባል የአምስተርዳም ባንድ አገኘሁ፣ 1979 የተቋቋመ፣ ከፈትኩት፣ እና ምን ሰማሁ፣ ሽለላ! ጌታቸው መኩሪያ ናቸው በሳክስፎን። 2006 ላይ አብረው ሞዓ አንበሳ ሚል አልበም ሠርተዋል። እኔ አያቴ ሰርግ ላይ ተነስተው ሲሸልሉ፣ ያ ጉሮሮ ውስጥ ሚንቀጠቀጠው ነገር፣ በልጅነቴ አፍሬ ጠረጴዛ ስር ነበር ምገባው። ጌታቸው ያንን ነው ወደ ሳክስፎን ያስገቡት፣ እነዛ ጊታሮች ከኋላ ሲጮሁ ደሞ አንዱም ነገር አልጎረበጠም። የራሴን አያት በሆላንድ ዞሬ ነው ያገኘኋቸው ማለት ነው፣ ያሳፍራል፣ ግን ያው ነው።

ትንሽ ቀረኝ። ያ የማንችስተር አዳራሽ፣ አሁን ሆቴል ሆኗል፣ ፎቁ ላይ አነስ ያለች ሌላ አዳራሽ ነበረችው። ከዲላን አስር ዓመት በኋላ፣ ጁን 4፣ 1976፣ ሴክስ ፒስቶልስ ሚባሉ የፓንክ ባንድ እዛች ትንሿ ውስጥ ተጫወቱ፣ ትኬቱ 50 ፔንስ፣ የመጣው ሰው በጣት ሚቆጠር ነው። ግን ከዛ ውስጥ በኋላ ጆይ ዲቪዥን ሚባለውን ታዋቂ ባንድ ያቋቋሙት ልጆች ነበሩ፣ በኋላ ዘ ስሚዝስ ሚባለው ባንድ ዘፋኝ የሆነው ሞሪሲ ነበረ። አሁን «እዛ ነበርኩ» ሚለው ሰው ቢቆጠር ስታዲየም ይሞላል ይላሉ።

እና ባለፈው ወር የካምፓስ ልጆች አንድ ባንድ አቋቁመው ጣና ዳር ያለ ግቢ ውስጥ ተጫወቱ። ሰላሳ ሰው ብንሆን ነው፣ አስሩ ዓሣ ሊበላ የመጣ ነው። ባስ ጊታሩ የተዋሱት ነው፣ ድራመሩ ቸኩሎ ቸኩሎ ከሁሉም ቀድሞ ይጨርሳል፣ ግን በትዝታ ቅኝት አንድ ዘፈን ሠርተው በጊታር ሲያስጮኹት ክንዴ ላይ ያለው ፀጉር ቆመ። ሦስተኛው ዘፈን ላይ መብራት ሄደ። ድራመሩ አላቆመም፣ እኛ አጨበጨብንለት፣ ዘፋኟ ያለ ማይክ ቀጠለች፣ ከኋላ ሃይቁ ይሰማል። ያኔ ነው ግጥሟን በደንብ የሰማሁት፣ ፒት ሲገር ቢኖር ደስ ይለው ነበር። ከሃያ ደቂቃ በኋላ መብራት መጣ፣ ስፒከሩ እሪ አለ፣ ልጆቹ ጊታራቸውን መቃኘት ጀመሩ፣ ቱንግ ቱንግ፣ ሰዉ ይጉረመረማል፣ ጓደኛዬን አየሁት፣ አየኝ፣ እና አልቻልኩም፣ ቆሜ በሙሉ ድምፄ «ጁስ!» አልኩ።

የሳቀው ጓደኛዬ ብቻ ነው። አስተናጋጇ ደሞ መጥታ ጎኔ ቆመች፣
«አቮካዶ ነው ማንጎ?»