ኪስ ውስጥ የሚገባ ቡድን

ሰላም፣ እንዴት ሰነበታችሁ? ዛሬ እንግዳ የለኝም፣ ብቻዬን ነኝ። ላወራችሁ የፈለግኩት ስለ ሁለት የጌም ማሽኖች ነው፤ ስለ ፕሌስቴሽን ቱ እና ስለ ፕሌስቴሽን ስሪ። የትኛው ይበልጣል ካላችሁኝ በምስልም በጉልበትም ስሪ ይበልጣል፤ እሱ አያከራክርም። እኔ ግን ከአሥር ዓመት በላይ ከሆዴ ያልወጣ አንድ ነገር አለ። ዛሬ እሱን ላውጣው።

በ2001 ዓ.ም ክረምት ትምህርት ሲዘጋ፣ እዚሁ ባሕር ዳር ሐይቁ ዳር ካለ ሰፈር አንዲት ጌም ቤት ውስጥ ሥራ ጀመርኩ። አንድ ክፍል ናት፤ ግድግዳዋ ጭቃ፣ ጣሪያዋ ቆርቆሮ፣ ሦስት ቴሌቪዥን፣ ሦስት ፕሌስቴሽን ቱ፣ ሁለት አግዳሚ ወንበር። ባለቤቷን እትዬ ነበር የምንላቸው። ጆይስቲክ በእጃቸው ይዘው አያውቁም፤ ግን ጓሮ ልብስ እያጠቡ የቤቱን ጫጫታ ያዳምጣሉ።

“አንተ! ያ የጥጉ ቴሌቪዥን ዝም አለ፣ ምን ሆነ?”

“ማሽኑ ሲዲ አላነብ ብሎ ነው እትዬ፣ አሁን አስተካክለዋለሁ።”

“ቶሎ በል፣ ልጆቹ እንዳይሄዱብህ።”

ሳያዩ የትኛው ማሽን እንደቆመ ያውቁ ነበር።

አንድ ጨዋታ 2 ብር ነው። ያሸነፈ ይቀመጣል፣ የተሸነፈ ከፍሎ ይነሳል። የእኔ ሥራ ብር መቀበልና ተራ ማስያዝ፣ ከዚያ ደግሞ ማሽኖቹን ማስታመም ነው። ፕሌስቴሽን ቱ ዕድሜው ሲገፋ ሌንሱ ይደክማል። ጥጥ በአልኮል ነክሬ ሌንሷን በስሱ እጠርጋለሁ፤ የተጫጫረ ሲዲ ካለ በጥርስ ሳሙና ከመሃል ወደ ዳር አሸዋለሁ። ዙሪያውን ካሸኸው ይብስበታል፤ ቀጥ አድርገህ ከመሃል ወደ ውጭ ነው። ይህ ማሽን ጃፓን ውስጥ ለገበያ የወጣው እ.ኤ.አ. መጋቢት 2000 ነው። ዋናው ሜሞሪው 32 ሜጋባይት ብቻ ነበር። በእጃችሁ ካለው ስልክ ጋር አወዳድሩትና፣ እነዚያን ሁሉ ጨዋታዎች በዚያች ያህል ቦታ ማስኬዳቸው እስከ ዛሬ ይገርመኛል።

አሁን ወደ አንድ ልጅ ልምጣ፤ የዚያች ጌም ቤት ደንበኛ ነበር። ስሙን አልጠራም።

አሥራ ሁለት ዓመት ቢሆነው ነው። አባቱ በደንገል ታንኳ ዓሣ ያጠምዳል፤ እሱም ሌሊት አብሮት ወጥቶ፣ ጠዋት ቀረሶውን ሐይቁ ዳር ካስረከቡ በኋላ ቤቱ ባዶ ሳለ ወደ እኛ ይመጣል። ጆይስቲክ ከመንካቱ በፊት በርሜሉ ዘንድ እጁን በሳሙና አስታጥበዋለሁ። ከዚያ ከሸሚዙ ሥር ከማተቡ ጋር ያንጠለጠላትን ፌስታል ያወጣል። ሁለት ጊዜ የተቋጠረች ፌስታል ናት። ቋጠሮዋን በጥርሱ ይፈታታል። ውስጧ የተጫወትከውን የምታስቀምጥ ጥቁር ሜሞሪ ካርድ አለች፤ ከክብሪት ቤት ብዙም የማትበልጥ፣ 8 ሜጋባይት የምትይዝ።

“ሐይቅ ውስጥ ብትወድቅብህስ?” አልኩት አንድ ቀን።

“እኔ ስወጣ እሷም ትወጣለች” አለኝ።

ካርዷ ላይ ያለው የፔስ ማስተር ሊግ ነው፤ ፔስ የእግር ኳስ ጌም ነው፣ ማስተር ሊግ ደግሞ የራስህን ቡድን እየገነባህ የምትጫወትበት ክፍሉ። የተጫወታችሁት ታውቁታላችሁ፤ መጀመሪያ ሲጀመር በእውነት የሌሉ፣ ብዙም የማይችሉ ተጫዋቾች ይሰጣችኋል። አጥቂው ካስቶሎ፣ አማካዩ ሚናንዳ፣ በረኛው ኢቫሮቭ። ሁላችንም ገንዘብ እንዳገኘን ሸጠን ስመ ጥሮቹን እንገዛ ነበር። እሱ ግን ካስቶሎን አልሸጥም አለ። ስንት ዓመት፣ የጨዋታውን ዓመት ማለቴ ነው፣ ካስቶሎ አርጅቶ ሩጫው እስኪሞት ድረስ አሰለፈው። የቡድኑን ስም ደግሞ በእንግሊዝኛ ፊደል “ጣና” ብሎ ጻፈው።

የእኛ ሰፈር መብራት ሲጠፋ ካርዱን ይዞ ሽምብጥ ይሄዳል፤ እዚያ ባለ ጌም ቤት ሰክቶ ከቆመበት ይቀጥላል። ማሽኑ ሁለት የካርድ ቀዳዳ አለው። ስለዚህ ሌላ ልጅም የራሱን ይዞ ይመጣና፣ ሁለቱ ወራት የደከሙባቸውን ቡድኖች እዚያው ያጋጥማሉ። እንዲህ ያለ ቀን ቤቱ ጢም ይላል፤ በመስኮት ሁሉ ነበር የሚታየው። ካርዱ የማንም ማሽን አይደለም፣ የልጁ ነው። በየትኛውም ፕሌስቴሽን ቱ ላይ ሰክተኸው ያው “ጣና” ይወጣል። ይህን ያኔ ልብ አላልኩትም።

በ2005 ዓ.ም እትዬ ከሦስቱ አሮጌ ማሽኖች ሁለቱን ሸጠው አንድ ያገለገለ ፕሌስቴሽን ስሪ ገዙ። ስሪ የወጣው እ.ኤ.አ. ኅዳር 2006 ነው፤ አሜሪካ ሲጀመር ዋጋው እንደ ሀርድ ዲስኩ መጠን 499 እና 599 ዶላር ነበር። እኛ ጋ እስኪደርስ ስድስት ዓመት ፈጀ። የመጀመሪያውን ቀን አልረሳውም፤ ሣሩ ሣር መሰለ፣ የተጫዋቹ ማልያ በላብ ረጠበ። ልጆቹ ዝም ብለው ሲያዩ ቆዩ። ብቻ ቴሌቪዥናችን ያው የድሮው ባለ 21 ኢንች ስለነበር፣ በቢጫ፣ ነጭና ቀይ ገመድ ስናገናኘው ጽሑፉ ደቀቀብን። ጨዋታዎቹ የተሠሩት ለአዲሶቹ ጥራት ላላቸው ቴሌቪዥኖች ነው። ውጤት ለማየት ተነስተን ወደ ስክሪኑ እንጠጋ ነበር።

ሌንስ መጥረግ ቀረ፤ ጨዋታው ሀርድ ዲስኩ ላይ ተጭኖ ነው የመጣው። የጆይስቲክ ገመድም ቀረ። ካርድም ቀረ።

ልጁ አሥራ ስድስት ሞልቶታል፣ አሁንም ካርዱን በአንገቱ አንጠልጥሎ መጣ። ማሽኑን ዞር ዞር ብሎ አየው።

“የት ነው የሚሰካው?”

“አይሰካም። እቤትህ አስቀምጠው፣ ከእንግዲህ ሁሉም ነገር እዚሁ ውስጥ ነው የሚቀመጠው።”

ይህን ያልኩት እኔ ነኝ። በኩራት ነው ያልኩት።

“ጣና”ን ከዜሮ ጀመረ። አንድ ዓመት ሙሉ ጠዋት ጠዋት እየመጣ ሠራው። በሰኔ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ከሐይቁ ማዶ ደመና ከብዶ፣ ነጎድጓዱ ቆርቆሮውን አንቀጠቀጠው። መብራት ጠፋ፤ መጣ፤ ጠፋ፤ እንደገና መጣ። ፕሌስቴሽን ስሪ ድንገት ከጠፋ ሲነሳ የሀርድ ዲስኩን ፋይሎች ይመረምራል። መመርመር ጀመረ፣ መሃል ላይ ቆመ። ወደ ጠጋኝ ወሰድነው። ሀርድ ዲስኩ ካልተፎረመተ አይነሳም ተባለ፤ እትዬም “ይሠራልን እንጂ” አሉ። ተፎረመተ። የሰፈሩ ልጆች ቡድን በሙሉ አብሮ ሄደ።

ልጁ በማግስቱ መጣ። “ጣናስ?” አለኝ።

“ጠፋ።”

ጆይስቲኩን ይዞ ትንሽ ቆየ፤ ከዚያ አግዳሚው ላይ በቀስታ አስቀመጠው። አልተቆጣኝም። ያኔ ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

ከዓመታት በኋላ ነው፣ ማሽኑ የተቀመጠ ጨዋታ ወደ ፍላሽ መገልበጥ እንደሚፈቅድ ያወቅኩት። አንዳንዱ ጨዋታ እንዳይገለበጥ የተቆለፈ ነው፤ ቢሆንም መሞከር ነበረብኝ። ማሽኑን እንድይዝ የተቀጠርኩት እኔ ነኝ። “እዚሁ ይቀመጣል” ስለው የልጁን ዓመት ከአንገቱ አውርጄ በአንድ ዲቫይደር ጫፍ ላይ ሰክቼዋለሁ።

ከዚያ በኋላ ስለ ሁለቱ ማሽኖች ብዙ አነበብኩ። የመጀመሪያዎቹ ስሪዎች የፕሌስቴሽን ቱን ቺፕ በውስጣቸው ይዘው ስለነበር የድሮውን ሲዲ ያጫውቱ ነበር፤ በኋላ ዋጋ ለመቀነስ ወጣ። የሚገርመው፣ ሁሉም ስሪዎች የፕሌስቴሽን ዋንን ጨዋታ ያነባሉ፤ መካከል ላይ ያለው ቱ ነው የተዘለለው። የድሮውን ካርድ በዩኤስቢ ከስሪ ጋር የሚያገናኝ ትንሽ ዕቃም ተሠርቶ ነበር። ባሕር ዳር ውስጥ አንድም ቀን አላየሁትም። እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ ደግሞ በየወሩ ወይም በየዓመቱ ለሚከፍል ሰው ጨዋታውን ኢንተርኔት ላይ ማስቀመጥ ተጀመረ። ለእትዬ ቤት ይህ ምን ያደርጋል? ኢንተርኔቱስ? ለውጭ አገር የሚከፈልበት የባንክ ካርድስ?

አሮጌው ማሽን ለካ እንደ እኛ ላለ ሰፈር የበለጠ ይመች ነበር። ከ155 ሚሊዮን በላይ ተሸጧል፤ ስሪ 87 ሚሊዮን አካባቢ ነው። ፔስ 2014 እንኳ ለፕሌስቴሽን ቱ ወጥቷል፤ ስሪ ከተጀመረ ሰባት ዓመት በኋላ ማለት ነው። ያን የሚገዛ ሰው ነበረ ማለት ነው። እኛን የመሰለ ሰው።

ባለፈው ጥቅምት ዘጌ ለመሄድ ሞተር ጀልባ ስሳፈር፣ ሞተሩን የያዘው ሰው ትክ ብሎ አየኝ። እሱ ነው። ጺም አውጥቷል። ዑራ ኪዳነ ምሕረት እስክንደርስ ስለ ልጆቹ አወራኝ፤ እኔ ግን ሐሳቤ ሌላ ነገር ላይ ነበር። መጨረሻ ላይ ጠየቅኩት፦

“ካርዷ አለች?”

ሳቀ። “እናቴ ሙዳይ ውስጥ ናት። ያቺ ፌስታሏም አለች።”

ያ የጠፋው ሁለተኛው “ጣና” ነው። የመጀመሪያው፣ የካስቶሎው፣ ካርዷ ደህና ከሆነች አሁንም እዚያ ተቀምጧል። ልንከፍተው ተስማምተናል፤ ግን እኔም እሱም ማሽን የለንም፣ እትዬም የቀረውን ከሸጡ ቆይተዋል።

ስለዚህ የምትሰሙኝ ሁሉ፣ ከሽምብጥ እስከ ዓባይ ማዶ፣ የሚሠራ ፕሌስቴሽን ቱ ያላችሁ ካላችሁ መልእክት ላኩልኝ። ሲዲውም ያስፈልገናል፤ ፔስ 6 ነው፣ በሌላው አይከፈትም። ሌንሱ ደክሞ ከሆነ ግድ የለም፤ ጥጥና አልኮሉን እኔ ይዤ እመጣለሁ።