የአዳራሹ ቁልፍ ይሰጠን
(ግንቦት 2013፣ ጅማ፣ የቲያትር ቡድናችን ወዳጆች በተጠሩበት ዝግጅት ላይ የተነበበ)

አካም ኦልታን፣ እንደምን ዋላችሁ።

በዚህ ዝናብ ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ። የጅማን ግንቦት ታውቁታላችሁ፣ ጠዋት ፀሐይ አሳይቶ ጃንጥላችሁን ቤት ያስረሳችሁና ከሰዓት ይለቅባችኋል። ማስካችሁን አገጫችሁ ላይ ያሳረፋችሁ ወንድሞች ደግሞ እባካችሁ ወደ አፍንጫ ከፍ አድርጉልኝ፣ ነገ "ቲያትረኞቹ ሰው ሰብስበው አስያዙ" ተብሎ እንዳይወራብን። እቺን ወሬ የሚጠብቅ ሰው አለ፣ ማን እንደሆነ እናንተም ታውቁታላችሁ።

ኮሚቴው አስር ደቂቃ ሰጥቶኛል። ስለ ቡድኑ ታሪክ፣ ስለ ኮሮናው ጊዜ፣ ስለ ወደፊቱ እቅድ ተናገር ተብያለሁ፣ እሺ ብዬ ሦስቱንም ፅፌ መጥቻለሁ። ግን ዋናው የመጣሁበት ጉዳይ አንድ ነው፣ እሱም ኮሮና ሲመጣ ያስረከብነው የቲያትር አዳራሻችን ቁልፍ ነው። ሌላውን በመሀል በመሀል ጣል እያደረግኩ እሄዳለሁ።

እዚህ ካላችሁት ግማሾቻችሁ ቡድኑ ሲጀመር አብራችሁን ነበራችሁ ስለዚ ማብራራት አይጠበቅብኝም። ይሄ ቡድን የተወለደው ከፀረ ኤድስ ክበብ ነው። በዛን ጊዜ እኛን የማይፈልግ ቢሮ አልነበረም። በሽታው ቤት ለቤት ገብቶ ሰው ስሙን ለመጥራት ይፈራል፣ ለቅሶ ቤት "በምን ሞተ" ሲባል "በሳንባ" ተብሎ ይታለፋል፣ ፖስተር ተለጠፈ የሚያነበው የለም፣ ባለሙያ መጥቶ ሲያስተምር ሰው ያንቀላፋል። ያኔ ማን ተጠራ? እኛ ነና! ፒካፕ መኪና ላይ ከነከበሯችን ጭነው ሐሙስ ገበያ ሂርማታ ያወርዱናል፣ በሚቀጥለው ሳምንት አጋሮ፣ ከዛ ሰቃ፣ ከዛ ሰርቦ። አበል ምሳና የላብ መጥረጊያ ነበር፣ ግን ተጠራን።

ያቺ በበሽታው የተያዘችውን ሴት ሆና ትጫወት የነበረችውን ልጅ ታስታውሷታላችሁ፣ አሁን የልጆች እናት ናት፣ እዛ ጥግ ተቀምጣ እየሳቀችብኝ ነው። አንድ ሐሙስ ገበያ ላይ ተጫወተች፣ በሚቀጥለው ሐሙስ ቲማቲም ልትገዛ ስትሄድ ነጋዴዋ "አትንኪብኝ፣ እኔ ራሴ መርጬ እሰጥሻለሁ" አለቻት። ድራማ ነው ብትል ማን ይሰማታል፣ "ባለፈው በአፍሽ ስትናገሪ ሰምቻለሁ እኮ" ተባለች! ልጅቷ እያለቀሰች ልምምድ መጣች። እኛ ምን አደረግን መሰላችሁ፣ ቲማቲሙን እንዳለ ድራማው ውስጥ ከተትነው። በሦስተኛው ሐሙስ ያው ገበያ ላይ፣ ያቺው ነጋዴ ፊት፣ ቲማቲም ስትከለከል አሳየን። ነጋዴዋ መጀመሪያ ሳቀች፣ ከዛ ዝም አለች፣ ሲያልቅ ግን አንድ ፌስታል ሙሉ ቲማቲም ይዛ መድረኩ ላይ ወጥታ ሰጠቻት። መድረክ ስላችሁ ያው የጭነት መኪና ጀርባ ነው። በ1997 ነፃ መድኃኒቱ ሲጀመር ድራማውን ቀየርነው፣ "ተመርመሩ" የሚለው ላይ "መድኃኒቱን ጀምራችሁ አታቋርጡ" ጨመርንበት፣ ምክንያቱም ሰው ትንሽ ሲሻለው ዳንኩ ብሎ ይተወው ነበር። ይሄን ሁሉ ስንሰራ አንድም ሰው "ቲያትር መዝናኛ ነው፣ በችግር ጊዜ ይቆየን" አላለንም።

መጋቢት 4 ቀን 2012 የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ አዲስ አበባ ተገኘ ተባለ። በሦስተኛው ቀን ትምህርት ቤት ተዘጋ፣ ስብሰባ ተከለከለ። ዩኒቨርሲቲው ተማሪዎቹን ሲያሰናብት ከትኬት ገዢያችን ግማሹ በአንድ ሳምንት ከከተማው ወጣ። መጋቢት 30 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ መጣ፣ ከአራት ሰው በላይ መሰብሰብ ክልክል ሆነ፣ ሲኒማና ቲያትር ተዘጋ። ልክ ነው፣ መዘጋት ነበረበት። በዚህ አልከራከርም፣ ማንም እንዳይጠመዝዝብኝ! ታፍኖ በተዘጋ አዳራሽ ውስጥ ሁለት ሰዓት አብሮ መተንፈስ ለዛ ቫይረስ ሰርግና ምላሽ ነው። ቁልፉን በገዛ እጃችን ነው ያስረከብነው፣ "ሲያልፍ እንመልስላችኋለን" ተባልን፣ ተጨባብጠን እንዳንለያይ ክልክል ስለሆነ በክርን ተሰነባበትን።

ከዛ ዝም ብለን ቤታችን አልተቀመጥንም። የአይሱዙውን ታሪክ ሰምታችኋል፣ ግን እየተባዛ ስለሄደ ትክክለኛውን እኔ ልንገራችሁ። ሚያዝያ ላይ ነው። አዋጁ አራት ሰው ስላለ ለአራት ተዋናይ የሚሆን ድራማ ፃፍን፣ አንድ ወዳጃችን ቡና የሚያመላልስበትን አይሱዙ ለአንድ ከሰዓት ሰጠን፣ ሞንታርቦ ጫንበት፣ መኪናው ጀርባ ላይ በጠመኔ መስመር አስምረን ማንም ከቦታው ንቅንቅ እንዳይል ተማማልን። አንዱ እናት፣ አንዱ ከአዲስ አበባ የመጣ ልጅ፣ አንዱ ሳሙና ሻጭ፣ አራተኛው ራሱ ኮሮና። ኮሮናውን ከፍራሽ ስፖንጅ ሰፋንለት፣ ቀይ ቀለም ቀባነው፣ ዙሪያውን የጠርሙስ ክዳን ለጣጠፍንበት፣ ፊቱ ብቻ ነው የሚታየው። ከአንድ ቢሮ ባለማህተም ደብዳቤ ይዘናል። ሐሳቡ መኪናው ሳይቆም ቀስ እያለ እንዲሄድ፣ ሰው ከየደጁ ሆኖ እንዲያይ ነበር። ከፈረንጅ አራዳ ተነሳን፣ እስከ መርካቶ ቆንጆ ሄደ፣ ሰው በየበረንዳው ወጥቶ ያያል፣ ያጨበጭባል፣ ሽማግሌዎች ከወንበራቸው ይነሳሉ፣ ያን ሁሉ ቀን ቤት ተዘግቶባቸው የከረሙ ልጆች ግን ኮሮናውን ሲያዩት አበዱ! ከየቅያሱ እየፈለቁ "ኮሮና! ኮሮና!" እያሉ መኪናውን ይከተላሉ፣ እኛ በሞንታርቦ "አትሰብሰቡ! ተራራቁ!" ስንል ተጨማሪ ልጅ ይመጣል፣ እናቶች ልጆቻቸውን ሊመልሱ ይወጡና እነሱም ቆመው ያያሉ።

ፖሊስ መጣ። እና ማንን አስቀድመው አወረዱ? ቫይረሱን! ስፖንጁ በፓትሮል መኪናው በር አልገባ ብሎ እየገፉ አስገቡት። ጣቢያ ስንደርስ መዝገብ የሚይዘው ፖሊስ ቀና ብሎ አየውና "ማን ነህ?" ሲለው፣ ያ ልጅ ደንግጦ ይሁን ገፀ ባህሪው ውስጥ ቀርቶ "ኮሮና" አለው። ደብዳቤያችንን አሳየን፣ ደብዳቤው እውነተኛ ነው፣ ግን ደብዳቤ የሰጠን ቢሮና ስብሰባ የሚቆጣጠረው ቢሮ አልተነጋገሩም። አመሻሽ ላይ ተለቀቅን። ልንወጣ ስንል አንዱ ፖሊስ ጠራኝና "ወንድም፣ ግን መጨረሻው ምንድነው? እናትየዋ ትድናለች?" አለኝ። እዛው የጣቢያው ግቢ ውስጥ፣ ፖሊሶቹ ተራርቀው ቆመው፣ ካቋረጡን ቦታ ጀምረን ጨረስንላቸው።

(አዎ አጨብጭቡ፣ ለፖሊሶቹ ጭምር።)

ከዛ በኋላ የሆነውን ደግሞ ስሙ። አዋጁ በጳጉሜን ጊዜው አለቀ። ትምህርት ቤት ተከፈተ፣ እሰይ። ገበያውማ መቼም አልተዘጋም። ሰርጉ ድንኳን ውስጥ ትከሻ ለትከሻ ይጨፈራል። ጥር ላይ ፕሪሚየር ሊጉ እዚሁ ድረስ መጥቶ በዩኒቨርሲቲያችን ስታዲየም ተጫወተ፣ ኮራን፣ እኔም ኳስ ወዳጅ ነኝ። ግን ስታዲየም ያልገባው ሕዝብ የት ነበር ያየው? ዲኤስቲቪ ቤት፣ በአንድ አግዳሚ ስምንት ሰው ተጣብቆ፣ መስኮት ተዘግቶ፣ ጎል ሲገባ ተቃቅፎ! ማንም አልከለከለም። ክትባቱ ራሱ ልክ በዓመቱ መጋቢት 4 ተጀመረ። የኛ አዳራሽ ግን ዛሬም በኮሮና ምክንያት ዝግ ነው።

ዝግ ነው ስላችሁ ደግሞ ለኛ ነው። መጋቢት ላይ መጋረጃችን ሻግቶ እንደሆነ ለማየት ዘበኛውን ለምኜ ገባሁ። መድረኩ ላይ እስከ ጣሪያው የተሰባበረ ወንበርና የድሮ ዶሴ ተቆልሏል፣ እኛ ያዋጣንበት መብራት ተነቅሎ ሄዷል። ይሄን እችለዋለሁ። ያልቻልኩት ሌላ ነው፣ ግድግዳው ላይ አዲስ የስብሰባ ባነር ተሰቅሏል፣ መሬቱ ላይ የውሃ ፕላስቲክ ሞልቷል። ተሰብስበውበታል! መቶ ምናምን ሰው ቀኑን ሙሉ ተቀምጦበት ሻይ ተጠጥቶበታል። እኔ ሃምሳ ሰው ተራርቆ አስቀምጬ፣ በር መስኮት ከፍቼ፣ ማስክ አስደርጌ አርባ ደቂቃ ላሳይ ብዬ ያስገባሁት ማመልከቻ "የኮሮናን ሁኔታ እያየን እናሳውቃለን" የሚል መልስ ነው ያገኘው። እንግዲህ ይሄ ቫይረስ ስብሰባ ሲሆን ፈቃድ ወጥቶ ነው የሚቀመጠው ወይስ ቲያትር ብቻ ነው የሚወደው? የቢሮውን ስም አልጠራም፣ የሰዎቹንም አልጠራም፣ የከተማችን ልጆች ናቸው፣ ነገ ለቅሶ ላይ እንገናኛለን። ግን ቁልፉ እነሱ ኪስ ውስጥ ነው!

አንድ ኃላፊ "እናንተ ደግሞ አሁን ቲያትር ማን ያምረዋል፣ ሀገር እኮ ችግር ላይ ናት" ብሎኛል። ታሪክ ላስታውሰው። ሀገር ፍቅር ቲያትር በ1927 የተመሰረተው ሰው ጠግቦ ጨዋታ አምሮት አይደለም፣ ጣሊያን ሊገባ ድንበር ላይ ቆሞ ሕዝብ መቀስቀስ ስላስፈለገ ነው። ሀገር ሲጨንቃት ነው የጠራችን። መዘጋቱንም ቢሆን ለምደነዋል፣ በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት የአውሬ ተረት መድረክ ላይ ቢያወጡ መኳንንቱ "ሰደበን" ብለው ተቆጥተው በንግስት ዘውዲቱ ዘመን ቲያትር ታግዷል። እነሱ ግን ቢያንስ ምክንያታቸውን አልደበቁም፣ አልወደድነውም ነው ያሉት። በጉንፋን አላሳበቡም።

በቴሌግራም ስሩ የምትሉን ልጆች ሞክረናል እኮ። ያው አምና ሰኔ መጨረሻ ኢንተርኔቱ አገር ምድሩ ላይ ጠፋ፣ ተመልሶ ሲመጣ ደግሞ የሚጭነው ዳታ ከድሮ ትኬታችን ይበልጣል። ሃያ ብር ትኬት መግዛት የሚከብደው ሰው ዳታ ገዝቶ አያየንም። ደግሞ ስልክ ላይ ቲማቲም ይዞ መድረክ የሚወጣ የለም።

ልጆቻችን ተበትነዋል። ኮሮና ሆኖ የታሰረው ልጅ አሁን ባጃጅ ይነዳል፣ ሜካፕ የምትሰራው ዓረብ ሀገር ሄዳለች፣ ሳሙና ሻጩ ጫት ተራ ነው የሚውለው፣ አንዱ ተመርቆ አዲስ አበባ ስራ ፍለጋ ሄዶ እስካሁን ይፈልጋል። አልባሳቱ እኔ ቤት ነው ያለው፣ ሚስቴ ከሻጋታው ጋር ስትታገል ከርማ "ወይ እኔ ወይ የንጉሡ ካባ" ብላለች፣ እስካሁን ሁለታችንም አለን፣ እኔና ካባው ማለቴ ነው።

የወደፊት እቅድ ተብሎ ነበር። አዳራሹ ሲከፈት ለመጀመሪያው ወር በግማሽ ወንበር እንሰራለን፣ ለጤና ባለሙያዎች በነፃ ነው፣ በአማርኛም በኦሮምኛም አንድ አንድ ስራ አለን። ትምህርት ቤቶችም እንሄዳለን። ስለ በጀቱ ገንዘብ ያዧ ትነግራችኋለች፣ አጭር ነው፣ ምክንያቱም ገንዘብ የለም።

አሁን የምፈልገው ይሄን ነው። በሩ ላይ ባለው ጠረጴዛ ማመልከቻው ተቀምጧል፣ ስትወጡ ስማችሁንና ቀበሌያችሁን ፅፋችሁ ፈርሙ። ሰኞ ጠዋት በ3 ሰዓት እኔና ኮሚቴው ይዘነው እንሄዳለን፣ የምትችሉ አብራችሁን ኑ፣ ተራርቀን እንቆማለን፣ ማስክ እናደርጋለን፣ አንጮህም። "ነገ ና" ካሉን ማክሰኞም እንሄዳለን። ሳሙና ሻጩና እናትየዋ ከጀርባ እየጠበቁ ነው፣ ባጃጁን አቁሞ የመጣውም ስፖንጁን ለብሶ ጨርሷል፣ በእሱ በኩል የተቀመጣችሁ እባካችሁ ለማለፊያ ትንሽ ጠጋ በሉለት። ገለቶማ፣ አመሰግናለሁ።