ስልኩ የሚመጣው ማታ ነው
(በየካ አባዶ በወላጆች ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)

ውድ ወላጆች፣ የሥራ ባልደረቦቼ፣ እንደምን አረፈዳችሁ። የእረፍት ቀናችሁን ትታችሁ ስለመጣችሁ እናመሰግናለን።

መጋቢት 2012 በኮሮና ምክንያት ትምህርት ቤት ሲዘጋ፣ ሒሳብ በቪዲዮ እየቀረጽኩ በቴሌግራም መላክ ጀመርኩ። ብዙ ደከምኩበት። ብዙዎቹ ልጆች ግን አልከፈቱትም። ሰነፉ ብዬ ተናደድኩ።

አንዷ ተማሪዬ ሁልጊዜ ከምሽቱ 3 ሰዓት በኋላ ነበር ጥያቄ የምትልክልኝ። ለምን ብዬ ጠየቅኳት። «ቲቸር፣ ስልኩ የእማዬ ነው። ከመገናኛ ስትመጣ ነው የማገኘው» አለችኝ። የእኔ ቪዲዮ ደግሞ ፓኬጃቸውን ይጨርስባቸው ነበር። በጣም አፈርኩ። ስልኩ የማን እንደሆነ አንድም ቀን አልጠየቅኩም ነበራ።

ከዚያ በኋላ በድምፅ ማስተማር ጀመርኩ። አምስት ደቂቃ፣ አንድ ሐሳብ፣ ሁለት ጥያቄ። ድምፅ የሚበላው ዳታ ከቪዲዮ እጅግ ያነሰ ነው። አንዴ ከወረደ ያለ ኔትወርክ ደጋግሞ ይሰማል። ክፍልፋይን ሳይቀር «እንጀራውን አራት ቦታ ቁረሱት» እያልኩ አስተማርኩ። አንድ ቀን የዚያች ልጅ እናት ደወሉ። «ቲቸር፣ የታክሲ ሰልፍ ላይ ሆኜ ሰማሁት እኮ። ክፍልፋይ ለእኔም ገባኝ!» አሉኝ። ያን ቀን አልረሳውም።

በ2004 ዓ.ም. «አንድ ላፕቶፕ ለአንድ ልጅ» የተባለው ድርጅት በወንጪና በወለንጪቲ አካባቢ ማንበብ ለማይችሉ ልጆች ታብሌት ሰጥቶ ነበር። ካርቶኑን እንደታሸገ ነው የተዉላቸው። ድርጅቱ እንደተናገረው ልጆቹ በደቂቃዎች ውስጥ አበሩት። ከወራት በኋላ ደግሞ የተዘጋውን ካሜራ ራሳቸው ከፈቱት። ሰው የሚያወራው ይህንን ነው። እኔን የሚገርመኝ አሠራሩ ነው። ትምህርቱ ቀድሞ ተጭኖ ነበር። ባትሪው በፀሐይ ይሞላ ነበር። በሳምንት አንዴ ባለሙያ ሄዶ ሚሞሪ ካርዱን ይቀይር ነበር። ይሄ ታዲያ እኛ ሰፈር ምን ያቅተዋል? ዊኪፔዲያም ቢሆን ኪዊክስ በሚባል ነፃ መተግበሪያ ተጭኖ ያለ ኢንተርኔት ይነበባል።

ፍርሃታችሁ ይገባኛል። ልጅ ስልክ ይዞ በር ሲዘጋ እኔም ደስ አይለኝም። ስለዚህ ሳሎን ይቀመጥ፣ ድምፁም ይሰማ። ሲጨርስ «እስኪ ለእኔ አስረዳኝ» በሉት። ይህን ለማለት መማር አያስፈልግም። እያስረዳ ራሱ ይገባዋል።

ቅዳሜ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ጀምሮ የኮምፒውተር ክፍላችን ክፍት ነው። በድምፅ የቀዳናቸውን ትምህርቶች በነፃ እንጭንላችኋለን። ስልካችሁን ቻርጅ አድርጋችሁ ኑ። ቦታ ከሞላባችሁ የልጆቻችሁን ፎቶ እንዳታጠፉ፤ ኮምፒውተር ላይ እናስቀምጥላችኋለን። ባለ ቁልፍ ስልክ የያዛችሁም አትቅሩ። ሚሞሪ ካርድ ተቀብሎ ዘፈን የሚያጫውት ከሆነ የእኛንም ድምፅ ያጫውታል።