ድንጋዩ ላይ ያለችው ግልገል

ሰላም፣ እንደምን ሰነበታችሁ። ዛሬ ያሰብኩት ሌላ ወሬ ነበር፤ ግን የአቆስጣዋ ነገር ሰሞኑን ከጭንቅላቴ አልወጣ አለኝ።

አቆስጣ ስል ያቺን በሰሜን አትላንቲክና በሰሜን ፓሲፊክ ዳርቻ የምትኖረውን፣ ነጠብጣቧን የባሕር እንስሳ (በእንግሊዝኛ harbor seal) ማለቴ ነው። ግልገሏ ነጩን የሕፃንነት ጠጉር እናቷ ሆድ ውስጥ አራግፋ ነው የምትወለደው፤ በሰዓታት ውስጥ ትዋኛለች። አራት ሳምንት ገደማ ትጠባለች። ወተቱ ግማሽ ያህሉ ስብ ስለሆነ በዚያች አጭር ጊዜ ክብደቷ እጥፍ ይሆናል። ከዚያ እናት ትሄዳለች። በቃ። ዓሣ ማጥመዱን ግልገሏ ራሷ ነች የምትደርስበት።

የአንዲት ግልገል ቪዲዮ ያየሁት ከአያቴ ከእመዬ ጋር ነው። እመዬን ታውቋታላችሁ። በረካው ላይ ደርሰናል፣ ስልኩን ረከቦቱ ላይ አስደግፌዋለሁ። ግልገሏ ድንጋይ ላይ ተጋድማ እንደ ጠቦት ትጮኻለች። እመዬ ጀበናውን አንስታ ሳትቀዳ ቀረች።

«እናቷስ?»

«ሄደች።»

«ምን ያህል ጠባች?»

«አራት ሳምንት።»

ዝም አለች። ከዚያ «አንቺ ከዚያ በላይ ጠብተሻል» አለችኝና ቀዳችልኝ።

ይኼው ነው። ሌላ ቃል የለም። አብሽሪ እንኳን አላለችኝም፤ ለሰው ሁሉ አብሽሩ የምትል ሴት! ስትናገር ዓይኗ ስኒው ላይ ነው፣ እኔ ላይ አይደለም። ለእናቴ ጠበቃ መቆሟ ነው? «አጥብታሽ ነው የሄደችው፣ አትቀየሚያት» ማለቷ ነው? ወይስ ጅዳ ያለችው ልጇ፣ እናቴ፣ ለእሷም… እኔ ናፍቆቱን የራሴ ብቻ አድርጌው ነው የኖርኩት። እሷም እኮ ልጇን ነው የሸኘችው።

ደግሞ ሌላ ነገር አለ። ድንጋይ ላይ ብቻዋን የምትታይ ግልገል ሁሉ የተጣለች አይደለችም። በማጥቢያው ጊዜም እናትየው ልትመገብ ባሕር ትገባለች፤ ስትመለስ በድምፅና በጠረን ትለያታለች። የሚያይ ሰው «ተጥላለች» ብሎ ያነሳትና እሱ ራሱ ይለያያቸዋል። ይህን ሳነብ የሰፈራችን ሴቶች ትዝ አሉኝ። «ምስኪን፣ ጥላት ሄደች» እያሉ ዳቦ ሲቆርሱልኝ። ዳቦው ይጣፍጥ ነበር፤ እሱን አልክድም። ግን ማን ጠየቃችሁ? ማን ጣላት አላችሁ?

ይቅርታ፣ ድምፄ ከፍ አለ።

ሄንሪን ልንገራችሁ። ጀርመን የነበረ አቆስጣ ነው፤ በ2001 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት ላይ አለ። ዓይኑን ሸፈኑት፣ ጆሮው እንዳይሰማ አደረጉትና ትንሽ ሰርጓጅ መርከብ ውሃው ውስጥ ለቀቁ። ሞተሩ ከጠፋ በኋላ ሄንሪ ጆሮውን ሲከፍቱለት ተነሥቶ መርከቧ የሄደችበትን ጠመዝማዛ መንገድ ተከትሎ ደረሰባት። በጢሙ! ያለፈ ነገር ውሃው ላይ የተወውን እንቅስቃሴ በጢሙ ያነባል። ጢሙን ሲሸፍኑበት ግን አቃተው። የሄደ ነገር እኮ ዱካ አለው ማለት ነው፣ ውሃ ላይ እንኳን…

ወደየት ልወስደው እንደፈለግኩ ጠፋኝ። እናቴ ዓርብ ዓርብ ትደውላለች። «ስንት ወር ጠባሁ?» ብዬ ልጠይቃት? ብጠይቃት ታለቅሳለች። ወይም ትስቃለች፣ እሷ አይታወቅም። እመዬንም ደግሜ አልጠይቃትም። ማለቴ… ራሷ ቡና ላይ ካላነሳችው። እንጃ።