ቅራሪ አትጻፉ፦ አንባቢን ደንበኛ የሚያደርግ ጽሑፍ እንዴት ይዘጋጃል?

[መግቢያ ሙዚቃ]

ሰላም ሰላም ቤተሰቦች! እንኳን በደህና መጣችሁ። ዛሬ የምናወራው ስለ ጽሑፍ ነው። የሚሸጥ ነገር ያለው ሰው ኢንተርኔት ላይ ስለሚያወጣው፣ አንባቢው ጨርሶ ሲነሳ «ይሄ ሰውዬ ሥራውን ያውቃል፣ ልደውልለት» ስለሚልበት ጽሑፍ።

ማር እንሸጣለን እንበል።

[ስክሪን ላይ፦ ሁለት ጽሑፎች ጎን ለጎን]

በግራ ያለው እንዲህ ይላል፦ «ማር ከጥንት ጀምሮ ለሰው ልጅ ከፍተኛ ጠቀሜታ ያለው ተፈጥሯዊ ምግብ ነው።» በቀኝ ያለው ደግሞ፦ «የገዛችሁት ማር ረጋ? ስኳር ተቀላቅሎበታል ብላችሁ ከሻጩ ጋር ከመጣላታችሁ በፊት ይህን አንብቡ።»

የቱን ትከፍታላችሁ? የግራው ውሸት የለበትም። ግን ማንም አልጠየቀውም! የቀኙን ማር ሻጭ ሁሉ ያውቀዋል፤ ስንት ጠብ አስነስቷል። በሉ እሱኑ እንቀጥለው። ማር የሚረጋው በውስጡ ያለው ግሉኮስ የተባለው ስኳር፣ ያለው ውሃ አሟሙቶ ሊይዘው ከሚችለው በላይ ስለሆነ ነው። 14 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ያለ ቅዝቃዜ ደግሞ ያፋጥነዋል። ግሉኮሱ የበዛ ማር ቶሎ ይረጋል፣ ፍሩክቶስ የተባለው ሌላው ስኳር የበዛበት ይዘገያል፤ ይህን በዋናነት የሚወስነው ንቧ የቀሰመችው አበባ ነው። ስለዚህ መርጋቱ ብቻ ተበርዟል አያሰኝም፤ አለመርጋቱም ብቻ ንጹህ ነው አያሰኝም። ማቅለጥ ከፈለጋችሁ ዕቃውን ለብ ያለ ውሃ ውስጥ አስቀምጡት፣ እሳት ላይ አትጣዱት። ዓመት ላልሞላው ሕፃን ደግሞ ማር አትስጡ።

ይኸው ነው። አጭር ነው፤ ግን ያነበበው ሰው ማር ሲፈልግ ማን ትዝ ይለዋል? እናንተ!

አሁን ወደምወደው ምሳሌ ልውሰዳችሁ፤ ጠላ። ጠላ ሲጠመቅ ያየ ሰው እጁን ያውጣ! ጋኑ በግራዋ ይታጠባል፣ በወይራ ይታጠናል። ጌሾው ይወቀጣል፣ ከብቅሉ ጋር ይጠነሰሳል። ቂጣው ይጋገርና ይቆራረሳል። አሻሮው ይቆላል። ከዚያ ድፍድፉ። ድፍድፉ እስኪደርስ ቀናት ይጠበቃል። ውሃ የሚሞላው መጨረሻ ላይ ነው፤ በደንብ ስሙኝ፣ መጨረሻ ላይ። ያ ሁሉ ድካም ጋኑ ውስጥ ስለገባ ውሃው ጠላ ይሆናል። ጠላው ተቀድቶ ሲያልቅ የቀረው አተላ ላይ እንደገና ውሃ ሲሞላበት ምን ይወጣል? ቅራሪ። ቅራሪም ለቤት ሰው ጥም ይቆርጣል፤ ክፉ ቃል አልናገረውም። ግን ሠርግ ጠርቶ ቅራሪ ያቀረበ ሰው ስሙ ከሰፈሩ አልፎ ቀበሌ ይደርሳል!

ጽሑፍም እንደዚያ ነው። ዐረፍተ ነገሩ ውሃው ነው፤ ውሃ ማንም ይቀዳል። ድፍድፉ ከመጻፋችሁ በፊት የምታውቁት ነገር ነው፦ ደንበኛ መቶ ጊዜ የጠየቃችሁ ጥያቄ፣ ዕቃው የት ላይ እንደሚበላሽ፣ ለማን እንደማይሆን፣ ዋጋው ለምን እንደሚለያይ። ይሄ ሳይኖር ላፕቶፕ የከፈተ ሰው የሚጽፈው የሌላውን አተላ ነው። አምስት ድረ ገጽ ያነባል፣ ቃሉን ለዋወጥ ያደርጋል፣ ይለጥፋል። ቅራሪ!

ይሄ እኮ በአንድ ወቅት ትልቅ ገበያ ነበር። በ1999 የተጀመረውን ኢዚን አርቲክልስ የተባለውን የጽሑፍ ማጠራቀሚያ ድረ ገጽ ውሰዱ (ዓመቱን በፈረንጆች ነው የምቆጥረው)። ነጋዴው ጽሑፉን በነጻ ይሰጣል፣ ከሥር ስለራሱ ሁለት ሦስት መስመርና የድረ ገጹን ሊንክ ያስቀምጣል፤ ሌላው ያንን ሳይነካ ጽሑፉን ወስዶ ማውጣት ይችላል። ሐሳቡ ጥሩ ነበር፣ ከልቤ ነው የምለው። ችግሩ ሊንክ በበዛ ቁጥር ጉግል ላይ ከፍ ማለት ተቻለ። ከዚያማ አንዱን ጽሑፍ ተመሳሳይ ቃል እየተካ መቶ የሚያደርግ ሶፍትዌር መጣ። በየካቲት 2011 ጉግል እንዲህ ያለ ቅራሪ የበዛባቸውን ድረ ገጾች ፍለጋ ላይ ወደ ታች የሚያወርድ «ፓንዳ» የተባለ ለውጥ ለቀቀ፤ አሜሪካ ውስጥ ከሚደረጉ ፍለጋዎች 11.8 በመቶውን እንደነካ ራሱ ተናገረ። የጽሑፍ ማጠራቀሚያዎቹ ጎብኚ በአንዴ አሽቆለቆለ። በእኔ አስተያየት ደግ አደረገ። አንባቢ ጊዜው እየተሰረቀ ነበር።

እዚህ ጋ አንድ አስተያየት ላንሳ፤ በየቪዲዮው ሥር ይመጣልና። «ወንድሜ፣ 2 ሺህ ቃል ካልሞላ ጉግል አያወጣውም ይባላል፣ እውነት ነው?»

አይደለም። ጉግል ለጸሐፊዎች ባወጣው መመሪያ ውስጥ የሚመርጠው የቃል ብዛት እንደሌለ በግልጽ ጽፏል። ታዲያ ወሬው ከየት መጣ? ሰዎች አንደኛ የወጡ ጽሑፎችን ቃል ቆጠሩ፣ ረጃጅም ሆነው አገኟቸው። ግን የረዘሙት ብዙ የሚሉት ስለነበራቸው ነው! መኪና ከውጭ ስለማስገባት የሚጽፍ ሰው ቀረጡን፣ ወረቀቱን፣ ወደቡን ሲዘረዝር 3 ሺህ ቃልም ላይበቃው ይችላል። የማሩ ጥያቄ ከመቶ ባነሰ ቃል አለቀ። እሱን ወደ 2 ሺህ የሚያደርሰው ምንድን ነው? ውሃ! ደግሞ ቁጥሩ የመጣው ከእንግሊዝኛ ነው። እኛ «አልነገርኳቸውም» ስንል አንድ ቃል ነው፤ እነሱ አራት አምስት ቃል ያወጡበታል። በየትኛው ሒሳብ ነው 2 ሺህ የምንሞላው? በዚያ ላይ አንባቢያችን የሞባይል ካርድ ሞልቶ፣ ፓኬጅ ገዝቶ ነው የሚያነበው። ያንን ሰው ሦስት አንቀጽ ሙሉ «ማር ጣፋጭ ነው» እያልን ማስኬድ በደል ነው። በደል! ይሄን ጉዳይ ሳነሳ ድምፄ ከፍ ይላል፣ ይቅርታ።

እሺ፣ ቴክኒኩን ቶሎ ቶሎ፤ መሠረቱን የምታውቁት ነው። ለአንድ ጽሑፍ አንድ ጥያቄ። ርዕሱ ሰው ጉግል ላይ በሚጽፍበት አነጋገር ይሁን። የአማርኛ ፊደል ጉዳይ አለ፦ አንዱ «ንጹህ ማር» ብሎ ይፈልጋል፣ ሌላው «ንፁህ ማር»፤ ርዕሱ ላይ አንዱን፣ ውስጥ ላይ ሌላውንም አስገቡ። መልሱ የመጀመሪያው አንቀጽ ላይ ይቅደም። ፎቶው ራሳችሁ ያነሳችሁት ይሁን። ማን እንደጻፈውና ምን ሥራ ላይ እንዳለ ከሥር ይታይ። ጽሑፉን ሌላ ድረ ገጽም ላይ ካወጣችሁት በካኖኒካል ታግ፣ ማለትም ዋናው ቅጂ የቱ እንደሆነ ለጉግል በሚጠቁም የገጹ ኮድ መስመር፣ ዋናውን አመልክቱ። ገንዘብ የተከፈለበት ሊንክ «ስፖንሰርድ» ተብሎ ይታወጅ። ካኖኒካልን ለብቻው በቪዲዮ ሠርቼዋለሁ፣ ሊንኩ ከታች አለ። ሰብስክራይብ ያላደረጋችሁ እግረ መንገዳችሁን ደወሏን ጫን አድርጓት።

አንድ የቀረች ነገር። «ሁሉን ከነገርኩት ለምን ይገዛኛል?» የምትሉ አላችሁ። ማር እንዴት እንደሚቀልጥ ያነበበ ሰው እኮ ቀፎ አልሰቀለም! ማሩን አሁንም ከሰው ይገዛል፤ እውነቱን ከነገረው ሰው። የሚደበቅ ከሆነ ዕቃ የሚያቀርብላችሁን ሰው ስልክ ደብቁ፤ ዕውቀቱን ስጡት።

አሁን ሥራ ልስጣችሁ። ደንበኛ ደጋግሞ የሚጠይቃችሁን አንዲት ጥያቄ፣ እሱ በሚጠይቅበት አነጋገር፣ ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ። ጫማም ሽጡ፣ ፀጉርም ሥሩ፣ ሒሳብም አስጠኑ። ከመካከላቸው አንዷን መርጬ በሚቀጥለው ቪዲዮ ከርዕስ እስከ መጨረሻ አብረን እንጽፋታለን። ቻው ቤተሰቦች!