ስንት አልጋ? የልጆች ማቆያ ቤት ከመታደሱ በፊት

(ምስል፦ ረጅም ኮሪደር። በግራም በቀኝም የብረት በር። መስኮት የለም።)

ይህን ድምፅ ስሙት።

(ድምፅ፦ የብረት በር ይዘጋል። የገደል ማሚቶው ኮሪደሩን ይዞ ይሄዳል።)

ሌሊት 8 ሰዓት ነው እንበል። አንዱ ክፍል ውስጥ የ14 ዓመት ልጅ ተኝቷል። ተረኛው ጥበቃ አንድ በር ሲዘጋ ልጁ ይባንናል። በኮሪደሩ ያሉት ሌሎቹም እንዲሁ። ጠዋት ትምህርት አለ፤ ልጁ ግን ዓይኑን መግለጥ አቅቶታል። ቀትር ላይ በትንሽ ነገር ከጓደኛው ጋር ይጣላል። መዝገቡ ላይ "ጠበኛ" ተብሎ ይጻፋል። ስለ በሩ ግን የሚጽፍ የለም።

ዛሬ የምናወራው ስለዚህ ቤት ነው። ከሕግ ጋር የተጋጩ ልጆች ስለሚቆዩበት ቤት። የአካባቢው አስተዳደር "ሕንፃው አርጅቷል፣ እናድሰው" ብሎ ሲነሳ ከየት መጀመር እንዳለበት እናያለን።

ከመግባታችን በፊት ስለ ስሙ አንድ ነገር። ብዙ ሰው "የወጣት ጥፋተኞች ማቆያ" ይለዋል። እኔ "የልጆች ማቆያ" እያልኩ እቀጥላለሁ። እዚያ ካሉት ልጆች ብዙዎቹ ገና አልተፈረደባቸውም። ፍርድ ቤት እስኪቀርቡ የሚጠብቁ ናቸው። ጥፋተኛ ናቸው ያለ ዳኛ የለም።

(ምስል፦ የስብሰባ ጠረጴዛ። የሕንፃ ንድፍ ተዘርግቷል።)

የእድሳት ስብሰባ አብዛኛውን ጊዜ በጣሪያው ይጀምራል። ጣሪያው ያፈሳል። የፍሳሽ መስመሩ ተደፍኗል። የኤሌክትሪክ ገመዱ ያስፈራል። መሐንዲስ ይጠራል፣ ይለካል፣ ይመዘግባል። ይህ ሁሉ ያስፈልጋል። ግን ከጣሪያው በፊት የሚመለስ ጥያቄ አለ። ስንት አልጋ?

ብዙ ጊዜ ለዚህ ጥያቄ የሚሰጠው መልስ "አሁን ያለውን ያህል" የሚል ነው። ወይም "ትንሽ ጨምረን"። ሁለቱም መልስ አይደሉም። መልሱ በስሌት ይገኛል፣ ስሌቱም ቀላል ነው።

(በስክሪኑ ላይ፦ በዓመት የሚገቡ ልጆች × አማካይ የቆይታ ቀን ÷ 365)

በምሳሌ እንየው። በዓመት 300 ልጆች ይገባሉ እንበል። እያንዳንዱ በአማካይ 20 ቀን ይቆያል። 300 በ20 ሲባዛ 6,000 ቀን ነው። ለ365 ስናካፍለው 16 ተኩል ገደማ ይመጣል። በአንድ ተራ ቀን ቤቱ ውስጥ የሚገኙት ልጆች 16 ወይም 17 ናቸው ማለት ነው።

አሁን ልብ በሉ። ፍርድ ቤቱ የልጆችን ጉዳይ ቶሎ ቶሎ ማየት ቢጀምርና ቆይታው ወደ 12 ቀን ቢወርድስ? 3,600 ለ365። ወደ 10 ልጅ። ከ300ዎቹ መካከል 100 የሚሆኑት መጀመሪያውኑ ባይገቡስ? 2,400 ለ365። 7 እንኳን አይሞላም።

ከ17 ወደ 7። አንድም ጡብ ሳይነሳ።

"እንዴት አይገቡም? ጥፋት ሠርተው የለም ወይ?" የሚል ይኖራል። ተገቢ ጥያቄ ነው። ግን የመግቢያ መዝገቡን ገልጣችሁ ለምን እንደገቡ አንድ በአንድ ስትመለከቱ ነገሩ ይለወጣል። አንዱ የገባው ወላጅ መጥቶ ስላልወሰደው ነው። አንዷ የገባችው የቀጠሮ ቀን ስለረሳች ነው። ሌላው ቤቱ ሆኖ፣ በየቀኑ የሚጠይቀው ሠራተኛ ተመድቦለት፣ ፍርዱን መጠበቅ የሚችል ነው። ለሌላ ሰው አደጋ የሆነ ልጅ የለም አልልም፤ አለ። ቤቱም የሚያስፈልገው ለእሱ ነው። መዝገቡ የሚለየው ይህንን ነው፤ ስለዚህ ከመሐንዲሱ ሪፖርት ጎን እኩል ሊቀመጥ ይገባል።

ይህ የእኔ ምኞት ብቻ አይደለም። የተባበሩት መንግሥታት የሕፃናት መብቶች ስምምነት በ1989 ጸድቋል። (የምጠራቸው ዓመተ ምሕረቶች ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) አንቀጽ 37 እንደሚለው ልጅን ማሰር የመጨረሻ አማራጭ መሆን አለበት፣ ያውም ለአጭሩ ተገቢ ጊዜ። በ2019 የወጣው የተባበሩት መንግሥታት ዓለም አቀፍ ጥናት በዓመት ቢያንስ 410,000 ልጆች በማቆያና በማረሚያ ቤቶች እንደሚያልፉ ገምቷል። በፖሊስ ጣቢያ ብቻ የሚያድሩት ከዚህ ውጪ ናቸው። የመጨረሻ አማራጭ የተባለው ነገር ለ410,000 ልጆች እንዴት ደረሰ? አንዱ ምክንያት፣ እኔ እንደማምነው፣ አልጋው ስላለ ነው። ባዶ አልጋ ያለው ቤት ለዳኛውም ለፖሊሱም ቀላሉ መንገድ ይሆናል። ሕንፃ ደግሞ አንዴ ከቆመ 50 ዓመት ይቆማል። ዛሬ በግምት የተጻፈ ቁጥር ገና ላልተወለዱ ልጆች አልጋ ያዘጋጃል።

እርግጥ ነው አማካዩ ብቻ አይበቃም። የሚጨናነቅ ሳምንት አለ፣ ለዚያ መጠባበቂያ ይያዛል። አልጋዎቹም እኩል አይደሉም። ሴቶችና ወንዶች አብረው አያድሩም። ፍርድ የሚጠብቅና የተፈረደበት ይለያያሉ። የ13 ዓመት ልጅ ከ17 ዓመት ጎረምሳ ጋር አይተኛም። በተለይ የሴቶቹን ጉዳይ ማንሳት እፈልጋለሁ፤ ብዙ ጊዜ የሚረሳው እሱ ነው። ቁጥራቸው ትንሽ ስለሆነ ንድፉ ላይ "አንድ ጥግ" ይሰጣቸዋል። ከዚያ አንዲት ልጅ ብቻዋን የምትገባበት ሳምንት ይመጣል። ማንም ሳይቀጣት ለብቻዋ የታሰረች ትሆናለች።

(ምስል፦ ሁለት ንድፎች። አንዱ ረጅም አዳራሽ። ሌላው በጋራ ሳሎን ዙሪያ የተደረደሩ ጥቂት ክፍሎች።)

ስለዚህ ትልቅ አዳራሽ አይሠራም። ትናንሽ ቤቶች ይሻላሉ። አሜሪካ ውስጥ ያለችው ሚዙሪ ግዛት ይህን ቀድማ ሞክራዋለች። ቡንቪል በምትባል ከተማ ከ1889 ጀምሮ የቆየ ትልቅ የወንዶች ማረሚያ ትምህርት ቤት ነበራት። በጭካኔው የታወቀ ቦታ ነበር። አላደሱትም። በ1983 ዘጉት። በምትኩ ልጆቹን በየአካባቢያቸው ወደሚገኙ ትናንሽ ማዕከሎች አከፋፈሏቸው። በ10 እና በ12 ልጆች ቡድን፣ ከማይለዋወጡ ሠራተኞች ጋር፣ የራሳቸውን ልብስ ለብሰው። ብዙ አስተዳደሮች ሚዙሪ ድረስ ሄደው ጎብኝተዋል። እድሳት ሲታሰብ "መዝጋት" የሚለውም ከምርጫዎቹ አንዱ ሆኖ ጠረጴዛው ላይ መቀመጥ አለበት የምለው ለዚህ ነው።

ቁጥሩ ታወቀ እንበል። አሁን ወደ ሕንፃው እንግባ።

በ1990 የተባበሩት መንግሥታት ነፃነታቸውን ለተነፈጉ ልጆች ጥበቃ የሚሆኑ ደንቦችን አጽድቋል። የሃቫና ደንቦች ይባላሉ። ስለ ሕንፃ በቀጥታ ይናገራሉ። ቤቱ ልጁ እንዲታነጽ ከተያዘው ዓላማ ጋር የሚሄድ ይሁን። ገመናው ይጠበቅ። ከእኩዮቹ ጋር የሚውልበት፣ ስፖርት የሚሠራበት ቦታ ይኑር። የእሳት አደጋ ሲነሳ በፍጥነት የሚወጣበት መንገድና ማስጠንቀቂያ ደወል ይኑር።

በተግባር ሲተረጎም ነገሩ ወደ ትናንሽ ዕቃዎች ይወርዳል። ጣሪያና ግድግዳ ላይ ድምፅ የሚውጥ ነገር ይለጠፋል፤ ሲሚንቶና ብረት ብቻ ከሆነ ግን እያንዳንዱ ጩኸት በእጥፍ ይመለሳል። መስኮቱ ልጁ ቆሞ ሰማይ የሚያይበት ይሁን፣ ከጣሪያ ሥር የተሸጎጠ ቀዳዳ አይሁን። የሌሊት መብራት መደብዘዝ የሚችል ይሁን፤ ሌሊቱን ሙሉ ቦግ ብሎ ከሚያድር አምፖል ሥር ማን ይተኛል? የክፍሉ በር ወደ ውጭ ይከፈት። ልጁ ከውስጥ አልጋ ደግፎ ቢዘጋው ሠራተኛው መግባት አለበት። የመጋረጃው ዘንግ፣ የአየር ማስገቢያው ወንፊት፣ የልብስ መስቀያው፣ ሁሉም አንድ በአንድ ይፈተሻል። ተስፋ የቆረጠ ልጅ ራሱን ሊጎዳበት የሚችል ነገር መኖር የለበትም።

እዚህ ላይ ቆም ማለት ያስፈልጋል።

አሜሪካ ውስጥ ከ1995 እስከ 1999 በልጆች ማቆያና ማረሚያ ቤቶች ራሳቸውን ያጠፉ ልጆችን ታሪክ የመረመረ አንድ ጥናት አለ። 79 ሞቶች በዝርዝር ታይተዋል። ከእነዚህ ልጆች ግማሽ ያህሉ ሕይወታቸው ባለፈበት ሰዓት ለብቻቸው ክፍል ውስጥ እንዲቆዩ የተደረጉ ነበሩ። ግማሽ። ስለዚህ ንድፉ ላይ "መለያ ክፍል" የሚል ጽሑፍ ካያችሁ ጠይቁ። ለምን? ለስንት ደቂቃ? ማን አብሮት ይቀመጣል? የሃቫና ደንብ ቁጥር 67 ልጅን ለብቻው ዘግቶ መቅጣትን ጨርሶ ይከለክላል። ልጅ ሲቆጣ ወይም ሲረበሽ ወጣ ብሎ የሚረጋጋበት ቦታ ያስፈልገዋል፣ እውነት ነው። ያ ቦታ ግን ለስላሳ ወንበር ያለው፣ በሩ የማይቆለፍ፣ ሰው አጠገቡ የሚቀመጥበት ክፍል ነው። የቅጣት ክፍል ከተሠራ ደግሞ አንድ ቀን ይሞላል። አልጋው እንደሚሞላው ሁሉ።

(ምስል፦ የመማሪያ ክፍል። ቀጥሎ የቤተሰብ መጠየቂያ ክፍል።)

ገንዘብ ሲያጥር መጀመሪያ የሚቆረጡት ሁለት ክፍሎች አሉ። የመማሪያውና የመጠየቂያው። ሁለቱም መነካት የለባቸውም። ደንቦቹ ቤተሰብ በሳምንት አንድ ጊዜ፣ ቢያንስ ቢያንስ በወር አንድ ጊዜ እንዲጠይቅ ይላሉ። እናት ልጇን በመስታወት ተለይታ በስልክ የምታናግረው ከሆነ ግን ምኑን ጠየቀችው? ጠረጴዛ ይኑር። ታናናሾቹ የሚጫወቱበት ጥግ ይኑር። ቤቱ ራሱ አውቶቡስ የሚደርስበት ቦታ ይሁን። ከከተማ ወጣ ብሎ ርካሽ መሬት አለ የሚል ሐሳብ ሲነሳ ይህን አስቡ፤ በመሬቱ የተቆጠበውን ቤተሰብ በትራንስፖርት ይከፍለዋል፣ ወይም ጭራሽ መምጣት ያቆማል።

አሁን ስለ ሠራተኛ። አንድ ሰው ቀንና ሌሊት የማይለየው አንድ የሥራ ቦታ አለ እንበል። ሳምንቱ 168 ሰዓት ነው። አንድ ሠራተኛ 40 ሰዓት ይሠራል። ለዚያ ለአንዱ ቦታ ብቻ ከ4 በላይ ሠራተኛ ያስፈልጋል፤ ዕረፍትና ሕመም ሲታሰብ 5 ይሆናል። አሜሪካ ውስጥ በሥራ ላይ ያለው መለኪያ ቀን ለ8 ልጆች 1 ሠራተኛ፣ ሌሊት ለ16 ልጆች 1 ሠራተኛ ነው። ስለዚህ አንድ የታጠፈ ኮሪደር፣ ማንም ከሩቅ የማያየው አንድ ጥግ፣ የራሱን ጠባቂ ስለሚፈልግ፣ በየዓመቱ የአምስት ሰው ደመወዝ ሊያስወጣ ይችላል። ሠራተኛው ከተቀመጠበት ሁሉንም በር ማየት ከቻለ ያ ገንዘብ ለመምህርና ለአማካሪ ይተርፋል። የግንባታ ወጪ አንዴ ይወጣል። ደመወዝ በየወሩ ነው።

(ምስል፦ የግንባታ አጥር። ከአጥሩ ጀርባ የሚኖርበት ቤት።)

ሥራው ሲጀመር ልጆቹ የት ይሆናሉ? ይህ ከጨረታው በፊት መመለስ አለበት። ግማሹን ዘግቶ ግማሹን ማደስ ይቻላል፤ ያኔ አቧራው፣ ጫጫታው፣ አሮጌ ሕንፃ ከሆነ ደግሞ አስቤስቶሱ (ብናኙ ሳንባን የሚጎዳ የድሮ የግንባታ ዕቃ) ጭምር ይታሰባል። ተቋራጩ ያመጣቸው ሠራተኞች ማንነት ይጣራል። ማታ ማታ መዶሻውና መጋዙ ይቆጠራል፤ አንድ ቢጎድል የሚወጣ ሰው የለም። አንድ ነገር ግን በፍጹም አይደረግም። "ለጊዜው ነው" ተብሎ ልጆችን ከአዋቂ እስረኞች ጋር ማስገባት። ሕጉም ይከለክላል፣ ሕሊናም።

በጀቱም ከመጀመሪያው እውነቱን ይናገር። እንግሊዝ ውስጥ አንድ የቀድሞ የልጆች ማቆያ ወደ "ጥበቃ ያለው ትምህርት ቤት" እንዲለወጥ ተወስኖ ነበር። 49 ልጆች የሚይዝ። የመጀመሪያው ግምት 4.9 ሚሊዮን ፓውንድ ነበር፣ ኋላ ከ36 ሚሊዮን በላይ ሆነ። በ2020 ይከፈታል ተብሎ በ2024 ተከፈተ። በ2025 ደግሞ በበሮቹ ችግር ምክንያት ለጊዜው ተዘጋ። ሐሳቡ ጥሩ ነበር፤ ልጆችን በቅድሚያ እንደ ተማሪ የሚያይ። ጥሩ ሐሳብም በሩ ላይ ይቆማል።

ለዚህ ነው ጠቢብ አስተዳደር ሁሉንም ከመሥራቱ በፊት አንድ ናሙና ክፍል የሚያሠራው። ከነአልጋው፣ ከነመስኮቱ፣ ከነመብራቱ፣ ከነበሩ። ከዚያ ትክክለኞቹን ሰዎች ይጠራል። የሌሊት ፈረቃ ሠራተኛዋን። የጽዳት ሠራተኛውን። ነርሷን። እንዲሁም እንዲህ ባለ ቤት ውስጥ ያደረ፣ አሁን የወጣ ወጣት። ለእሱ ንድፍ ማሳየት አይበቃም። ገብቶ ይተኛበት። መብራቱ ይጥፋለት። በሩ ይዘጋና ይስማው።

ከዚያ ወጥቶ "ይህ ድምፅ ያነቃል" ካለ፣ ገና አንድ በር ነው የተገጠመው። መቀየር ይቻላል።